ብርሃኑ የወረደው ለማን ነው?

ብርዱ ነው እንጂ ሌላ የሚያማርረን የለም። ይህችን የምንጽፍላችሁ ጋቢ ደርበን፣ የገብስ ቆሎ በሰሃን አስቀምጠን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ቀምሶ የሚያውቅ ይፍረደን። የማያውቅም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናትና መጥቶ ይሞክረው!

ወደ ጉዳያችን እንግባ። ከዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ሁለታችን፣ ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅንና ጽሑፍ እናውቃለን ባዮቹ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ 14 ተማሪዎችን ድርሰት ማስተማር ከጀመርን ወራት ሆነን። ልጆቹ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ናቸው። ክፍያ የለውም፤ ሻይ በዳቦ አለው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ «ትምህርት ቤት ምን ምን ጽፋችኋል?» አልናቸው። የውኃ ጥቅም፣ የዛፍ ጥቅም፣ ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል... እናንተም ጽፋችሁታል፤ እኛም ጽፈነዋል። አንዱ ልጅ አምና ለገጠር፣ ዘንድሮ ደግሞ ለከተማ ተከራክሮ ሁለቱንም ጊዜ ማሸነፉን በኩራት አጫወተን። «አንተ ራስህ ግን የቱን ታምናለህ?» ብንለው፣ «እኔ እንጃ፤ የተጨበጨበልኝን» አለ።

ሳቅን። ቤታችን ገብተን ስናስበው ግን ሳቁ ጠፋ። እኛስ ምን ተለየን? «ሚዛናዊ ዘገባ» ብለን የተማርነው ነገር ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ጊዜ ለአንዱ ወገን አንድ ስልክ፣ ለሌላው ወገን አንድ ስልክ፣ በመካከላቸው ደግሞ «በሌላ በኩል» የምትባል ድልድይ ነው። ይህች «በሌላ በኩል» ስንቱን ዘጋቢ ከማሰብ እንደገላገለችው እናውቃለን (ከተገላገሉት መካከል እኛም አለንበት!)።

ስለዚህ ሌላ ነገር እንሞክር አልን። ክርክሩ ይቅር። ሰው የተጎዳበት አንድ እውነተኛ የመብት ጉዳይ እንያዝና ልጆቹ ያንኑ ጉዳይ ከተለያየ ሰው ዓይን ይጻፉት፤ አሸናፊ የለም፣ ጭብጨባም የለም። ዘዴው የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1948 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1955) በአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበሬን አልለቅም ያለችውን የሮዛ ፓርክስን ጉዳይ፣ ከእሷም ከሾፌሩም ከፖሊሱም ዓይን የሚያስጽፉ አስተማሪዎች አሉ። ጥሩ ነው። ግን ሞንትጎመሪ ለጠባሴ ልጅ ሩቅ ናት። ቀረብ ያለ ጉዳይ ፈለግን፤ ፍለጋውም ብዙ አላስኬደንም። የከተማችን ስም ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው።

ደብረ ብርሃን ለምን ደብረ ብርሃን ተባለች? ይህን የማይመልስ የከተማችን ልጅ የለም። «በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ስለወረደ!» አሉን 14ቱም በአንድ ድምፅ። «ብርሃኑ ከመውረዱ በፊትስ እዚህ ቦታ ምን ሆኖ ነበር?» ብንል ዝም። አንዲት ልጅ ብቻ «ጫካ ነበር» አለች።

ጫካ ብቻ አልነበረም። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት «ለማርያምና ለልጇ መስቀል አንሰግድም ብለዋል» ተብለው ተከሰሱና ንጉሡ ፊት ቀረቡ። ተከራከሩ፤ ከቃላቸው አልተመለሱም። አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10፣ የመስቀል በዓል ዕለት፣ በዚያው ቦታ ላይ ብርሃን ታየ፤ ለብዙ ቀናትም ቆየ። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር ሥራቸውን የወደደበት ምልክት አድርገው ተቀበሉት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውንም ከተማቸው አደረጉት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነው፤ ይህ የሆነው በዘመናቸው ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ልብ በሉ! ይህን የነገረን የመነኮሳቱ ወዳጅ አይደለም፤ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ነው። የካቲት 2ን አልደበቀም፤ ጽፎታል። የደበቅነው እኛ ነን። መጋቢት 10 ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እዚህ ደረሰ፤ የካቲት 2 መንገድ ላይ ቀረ።

ሌላው ወገንስ? እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ ተሸናፊዎቹም ጽፈዋልና! ደቂቀ እስጢፋኖስ ገድላቸውን በግእዝ ጽፈው አቆይተውታል። ሙግታቸው ባጭሩ ሲነገር፣ ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው፤ ለንጉሥም ቢሆን አንሰግድም የሚል ነው። መሪያቸው አባ እስጢፋኖስ ከዚያ ቀደም በእስር ላይ ሳሉ አርፈዋል። ይህን ገድል ግእዝ ለማናውቀው ለእኛ ወደ አማርኛ የመለሱልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የሸንኮራ ልጅ፣ የገዛ ሰሜን ሸዋችን ሰው። በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት፣ ቀሪ ዕድሜያቸውንም አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ከብራና ጋር ያሳለፉት ሊቅ፣ በ2013 ዓ.ም. ነው ያረፉት። በ1996 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» ይባላል። በሕግ አምላክ! ሮጦ ሊያመልጥ ያለውን ሰው ባለበት ያቆም የነበረው ቃል።

«እና ይሄ ምኑ ነው የመብት ጉዳይ? የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም ወይ?» ያለን ወዳጅ አለ። ሰው ለማን እንደሚሰግድ በድንጋይ ሲወሰንበት የመብት ጉዳይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ላይ የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነት ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። የ15ኛውን መቶ ዓመት ንጉሥ በዛሬ ሕገ መንግሥት ችሎት አቁመን ልንፈርድባቸው ግን አልፈለግንም፤ ያ ቀላል ነው፣ ጥቅምም የለውም። (አንድ ነገር በቅንፍ እንበል፤ ዛሬ ደቂቀ እስጢፋኖስን «የኢትዮጵያ ሉተሮች» እያሉ ለራሳቸው ወገን የሚመለምሏቸው አሉ። ገድሉን ያነበበ ግን የሚያገኘው ጥብቅ ሥርዓት ያላቸውን የራሳችንን የኦርቶዶክስ መነኮሳት ነው። ሙታንን ያለ ፈቃዳቸው አባል ማድረግ ደግ አይደለም።)

አሁን ወደ ጥፋታችን። በመጀመሪያው ሳምንት ጉዳዩን በቃል ተረክንላቸውና ዕጣ አወጣን። አንዱ ንጉሥ፣ አንዷ መነኩሴ፣ አንዱ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ አንዱ ድንጋይ ወርዋሪ፣ አንዱ ብርሃኑን ያየ እረኛ... ሂዱና ጻፉ! መጡ። ንጉሦቹ በሙሉ እንደ ቱርክ ድራማ ባለጌ ጺማቸውን እያሻሹ የሚስቁ፤ መነኮሳቱ በሙሉ ክንፍ ብቻ የቀራቸው መላእክት። እኛም «ከሌላ ሰው ዓይን ጻፉ» ማለት «ከራሳችሁ ፍጠሩ» ማለት መስሎን ነበር። ልጆቹ ደግሞ ከራሳቸው ሲፈጥሩ የሚያገኙት ቴሌቪዥን ያስቀመጠላቸውን ነው። ማንን እንወቅሳለን?

በሁለተኛው ሳምንት ዕጣውን ቀደድነው። ከዜና መዋዕሉም ከገድሉም የተመረጠ ገጽ አባዝተን አደልን፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ምንም ሳይጽፉ አነበቡ። ደንብም አወጣን፤ እያንዳንዱ ድርሰት ቢያንስ ሦስት ነገር ከተጻፈው ይውሰድ፤ የጨመረውን ደግሞ «ተጠየቅ» ሲባል ይመልስ። ተጠየቅ ስንል የድሮውን ሙግት ማለታችን ነው። አያቶቻችን ዱላቸውን መሬት እየመቱ «በላ ልበልሃ» ይባባሉ የነበሩት ሰዎች፣ የሌላውን ቃል ሳይሰሙ መልስ አይሰጡም ነበር። ሸዋ ደግሞ በሙግት አይታማም!

ያኔ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሡን የያዘው ልጅ ከሩቅ የሚስቅ ጨካኝ ሳይሆን የፈራ ሰው ጻፈ። ከአዳሉ ገዢ ከባድላይ ጋር የተዋጋ፣ አገሩ በእምነት ከተከፈለች ትፈርሳለች ብሎ የሚያምን፣ ሌሊት ተቀምጦ መጽሐፍ የሚጽፍ ንጉሥ። ድርሰቱን አንብቦ ሲጨርስ ልባችን ወደ ንጉሡ አዘንብሎ ነበር። ያኔ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። «ተጠየቅ! በ1442 ዓ.ም. ደብረ ምጥማቅ ላይ የሰንበትን ክርክር በጉባኤ ጨርሰህ የኤዎስጣቴዎስን ልጆች አስታርቀህ የለም ወይ? እነዚያን በጉባኤ፣ እነዚህን በድንጋይ ለምን?» ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እነዚያ ለእኔ ሰግደዋል» አለ።

እንዲህ ያለውን መልስ ከመማሪያ መጽሐፍ አናገኘውም። ትክክል ነው አይደለም ሌላ ነገር ነው፤ የታሪክ ምሁራን ይከራከሩበት። ልጁ ግን ንጉሡን ከውስጥ ሆኖ ስላየው ነው ወደዚያ ጥያቄ የደረሰው። የንጉሥ ጠላት ሆኖ ቢጽፍ ኖሮ አይደርስበትም ነበር፤ አወዳሽ ሆኖ ቢጽፍም እንዲሁ።

ጸሐፌ ትእዛዙን የያዘችው ልጅ ደግሞ እኛ ያላስተዋልነውን አየች። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ የገዛ ልጆቻቸውን በጣዖት አምልኮ ተከሰው እንዳስገረፏቸው፣ ከመካከላቸውም የሞቱ እንዳሉ ይናገራል። «ይህን የጻፈው ሰው ንጉሥ እያመሰገነ ነው ወይስ እየከሰሰ?» ብላ ጠየቀችን። አላወቅንም። እሷ ድርሰቷ ውስጥ ጸሐፊው ቀለሙ እስኪደርቅ ደጁን ደጁን እያየ ሲጠብቅ አድርጋ ጻፈችው።

ከሁሉ የቆየብን ግን የድንጋይ ወርዋሪው ነው። የጻፈው በከተማችን ከሚገኙት የተፈናቃዮች መጠለያዎች ከአንዱ የሚመጣ ልጅ ነው። ለምን ያንን ሰው እንደመረጠ አልጠየቅነውም። ወርዋሪው ስም የለውም፤ በየካቲት ብርድ ድንጋዩ እጁን ሲያቃጥለው፣ ከጎኑ ያለው ሰው እያየው መሆኑን አይቶ ወረወረ። ከ38 ቀን በኋላ ብርሃኑ ሲታይ ሁሉም «ደስ ብሎት ነው» ሲሉ፣ እሱ «ሊያየን መጥቶ ነው» ብሎ አሰበ፤ ግን ለማንም አልተናገረም። እዚህ ላይ አለቀ። ተጠየቅ ያለው ሰው አልነበረም።

እዚህ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት፣ አያት ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። «እናንተ ናችሁ የልጅ ልጄን ‹ለእመቤታችን አልሰግድም› የሚል ወረቀት ያስያዛችኋት?» መነኩሴውን የጻፈችው ልጅ አንገቷን ደፋች። እኛም ደነገጥን። «እማማ፣ ይግቡ፣ ብርድ ነው፤ ሻይ ይቅመሱና ልጅቷ ታንብብልዎ፤ ከዚያ ይቆጡን» አልናቸው። ገቡ። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች አነበበች። እማማ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «እኔ ለእመቤቴ ስሰግድ ነው የኖርኩ፤ ስሰግድም እሞታለሁ» አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩና፣ «ግን ምላስ መቁረጥ ምን ይሉታል?» አሉ።

እምነታቸው አልተነቃነቀም፤ የልጅ ልጃቸውም እስከ ዛሬ እየጾመች ነው የምትመጣው። እኛን የፈሩን ሌሎች ናቸው። ክፍሉን የፈቀዱልን ሰዎች ወሬው ሲደርሳቸው «ለምን ቀለል ያለ ርዕስ አትሰጧቸውም? ለምሳሌ የከተማ ጽዳት» አሉን። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁልፍ ያለው ሰው ሳይመጣ ቀረ፤ ልጆቹ ደጅ ላይ ቆመው ሻይ ጠጥተው ተበተኑ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ወዳጆቻችን አሉ። «ለገዳይ ድምፅ ለምን ትሰጣላችሁ? ሁለቱንም እኩል ስታስቀምጡ በደሉን አሳነሳችሁት» ይሉናል። ይህኛው ወቀሳ ይከብዳል። መልሳችን ግን አለን። እኩል አላስቀመጥናቸውም። ተወግረዋል አልተወገሩም የሚል ክርክር የለንም፤ ተወግረዋል። ያ ቋሚ ነው። የሚለዋወጠው ያንን የካቲት 2 የቆመበት ቦታ ነው፤ የወረወረው፣ ያዘዘው፣ የጻፈው፣ የሞተው። ስልካቸውን ሲከፍቱ የአንዱ ሞት ለሌላው ብርሃን ሆኖ በሚለጠፍበት ዘመን የሚያድጉ ልጆች፣ ደስ ብሎት ከሚያጨበጭበው ሰው ውስጥ ገብተው አንድ ቀን ቢቆዩ ምን ይጎዳቸዋል? ከወጡ በኋላ ያ ጭብጨባ ሲመጣ ከሩቁ የሚያውቁት ይመስለናል።

ያም ሆኖ ይህ ዘዴ ገደብ እንዳለው የነገሩን ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። «አሁን ደግሞ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ይሁን» አሉ። «ድፍረት» ፊልምን ያየች ልጅ ነበረችና የአበራሽ በቀለን ጉዳይ አመጣን። በ1989 ዓ.ም. በአርሲ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች ተጠልፋ፣ አምልጣ ስትሸሽ ሊይዟት ሲከተሏት ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ይዘው፣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስለተከላከለች ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። (ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 መርተዋል።)

ልጆቹ ወዲያው ዳኛውን፣ አባትየውን፣ የሟችን እናት ሊከፋፈሉ ጀመሩ። ዳኛውን የያዘው ልጅ ሕጉን ፈልጎ ሲያነብ ክው አለ። በጊዜው ይሠራ በነበረው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክስ አይመሠረትም ነበር! ጠላፊው ልጅቷን ቤት ውስጥ ቆልፎ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ልጁ ያኔ ገባው። ሕጉም ራሱ የሆነ ሰው ዓይን እንዳለው ገባው፤ ያረቀቁት የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን በር ዘጋው፤ ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት አደረገው፤ ጋብቻም ጠላፊውን ከክስ እንደማያድነው ጻፈ።

አበራሽን ማን ይጻፋት? ስምንት እጅ ተነሣ። ያኔ ሌላውን የታሪኩን ግማሽ ነገርናቸው። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ካመለከቱት መካከል አበራሽ ራሷ ነበረችበት። ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ወስዳችኋል ነበር ቅሬታዋ። ፊልሙ ውስጥ ስሟ ሂሩት ሆኗል። ኋላ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። ጥሩ ፊልም ነው፤ ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው በከንቱ አይደለም። ሁሉም ለእሷ ወግኖ ነው የተረካት... እሷ ግን አልጠየቃችሁኝም አለች።

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ለሞቱት ብራና አለን፤ በሕይወት ያለው ሰው ዘንድ ግን ሄደን መጠየቅ አለብን። አበራሽን ማንም ሳይጽፋት ቀረ፤ በዳኛውና በሕጉ ብቻ ቆምን። አንዲት ልጅ ግን «እኔ የማውቃት አለች» አለች። ከክፍሏ 9ኛን ሳትጨርስ ያገቡባት፣ ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ጓደኛዋ። ጉዳዩ በሕግ ወንጀል መሆኑን፣ የት ሄዶ ማመልከት እንደሚቻልም ነገርናት፤ የምትጽፈው ግን ጓደኛዋን ጠይቃ እንዲሆን ተስማማን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ መጣች። ገጹ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው። «ጠየቅኋት፤ ‹እስኪ ላስብበት› አለችኝ።» ተቀበልናት። ሌሎቹ አንብበው ሲጨርሱ እሷም ተነሥታ ያቺን መስመር አንብባ ተቀመጠች።

የፊታችን ቅዳሜም ክፍል አለን፤ ቁልፉ ከመጣ። ቸር እንሰንብት!